ፈረሱም ይኸው፤ ሜዳውም ይኸው

አንደበቱ ከክንዱ የቀደመበትን ሰው አበው «ፈረሱም ይኸው፤ ሜዳውም ይኸው» ይሉታል። አባባሉ አጭር ነው፤ የያዘው ፍሬ ነገር ግን ብዙ ነው። ተናጋሪውን አይሰድበውም፤ አይሟገተውምም። ቃሉ ከተግባሩ ጋር እንዲተያይ ሜዳውን ይከፍትለትና ፍርዱን ለሜዳው ይተዋል። የሐያሲ ሥራም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ያንን አባባል ይዞ፥ ፈረሱም ሜዳውም በእውን ወደሚገኙበት ስፍራ፥ ወደ እንግሊዝ አገር የመሰናክል ፈረስ እሽቅድድም ታሪክ ይዘልቃል። በዚያ አገር በተለይ በብርዱ ወራት፥ ፈረሶች አጥርና ቦይ እየዘለሉ በሚሽቀዳደሙበት ቀን ሁሉ፥ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ለሕዝብ ይቀርባል። ጧት የሚወጣው ጥቆማ ነው፤ የትኛው ፈረስ እንደሚያሸንፍ፥ ገንዘብም በየትኛው ላይ መዋል እንዳለበት ይመክራል። ማታ የሚወጣው ውጤት ነው፤ ማን እንደ ቀደመ፥ ማን እንደ ወደቀ፥ ለአሸናፊው ምን ያህል እንደ ተከፈለ ይመዘግባል። የመጀመሪያው ትንቢት ነው፤ ሁለተኛው ታሪክ ነው። ሁለቱን የሚያነብ እልፍ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። የጽሑፋችን ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ትንቢት ሻጭ በውጤቱ የሚጠየቀው መቼ ነው? ሳይጠየቅ የቀረ እንደሆነስ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ ለኪነት ሰው ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥቆማ አንድ የጽሑፍ ዘርፍ ነው። የራሱ ቋንቋ፥ የራሱ ዜማ፥ የራሱ ተዋንያን አሉት፤ አንባቢውም ዋጋውን የሚከፍለው በዓይኑ ድካም ብቻ ሳይሆን በሳምንት ደመወዙ ጭምር ነው። ቃል በሰው ኑሮ ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ካገኘ፥ በቃል የሚተዳደር ሁሉ ሊመረምረው ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ውርርድ ከእሽቅድድም ሲቀድም

የመሰናክል እሽቅድድም መነሻው አየርላንድ እንደሆነ ይተረካል። በ1752 ኮርኔልየስ ኦካላሃንና ኤድመንድ ብሌክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ተወራረዱ። በኮርክ አውራጃ ከበተቫንት ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው እስከ ዶነሬል ቤተ ክርስቲያን፥ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል፥ በፊታቸው የሚያገኙትን አጥር፥ ካብና ቦይ ሁሉ እየዘለሉ ሊጋልቡ ተስማሙ። አቅጣጫቸውን የሚያመለክታቸው ከሩቅ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ የሾለ ጉልላት ነበር። እንግሊዝኛው ይህን ጉልላት «ስቲፕል» ስለሚለው፥ የእሽቅድድሙም ስም «ስቲፕልቼዝ» ሆኖ ቀረ፤ ጉልላትን ማሳደድ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ውርርዱ በእሽቅድድሙ ላይ በኋላ የተለጠፈ ትርፍ ነገር አለመሆኑ ነው። ውርርዱ እናት ነው፤ እሽቅድድሙ ልጅ ነው። ሆኖም በዚያን ዘመን የተወራረዱት ሰዎች የተጋለቡት በየራሳቸው ፈረስ ነበር፤ ቢወድቁ የሚሰበረው የራሳቸው አንገት፥ ቢሸነፉ የሚጎድለው የራሳቸው ኪስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ሁሉ ይህ አንድነት ደረጃ በደረጃ የተፈታበት ታሪክ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱ ከኮርቻ ወርዶ ቅጥር ጋላቢ አስቀመጠ። ቀጥሎ ፈረስ የሌለው ተመልካች በሌላ ሰው ፈረስ ይወራረድ ጀመር። በመጨረሻም ፈረሱንም ሜዳውንም አይቶ የማያውቅ ሰው፥ ከጋዜጣ ላይ ስም ብቻ መርጦ ገንዘቡን አሳልፎ ሰጠ። ጥቆማ የሚያስፈልገው ለዚህ ለሦስተኛው ሰው ነው፤ ዓይን ለሌለው መሪ እንደሚያስፈልገው ሁሉ።

የውጤት መዝገብ ከመሰናክል ዝላይ ስቲፕልቼዝ ይበልጣል በዕድሜ። ጆን ቼኒ የተባለ ሰው በእንግሊዝ አገር የተካሄዱትን የሜዳ እሽቅድድሞች ውጤት ሰብስቦ በ1727 ማሳተም ጀመረ። ዓመታዊ መዝገብ የማውጣቱ ሥራ በተለያዩ እጆች ቀጥሎ፥ ከ1773 ጀምሮ በዌዘርቢ ቤተሰብ እጅ ጸና። በ1859 «ስፖርቲንግ ላይፍ» የተባለው ጋዜጣ ሲቋቋም ውጤትና ጥቆማ በአንድ ወረቀት ላይ ጎረቤት ሆኑ፤ ጋዜጣው በየቀኑ መታተሙን እስካቆመበት እስከ 1998 ድረስም እንደ ተጎራበቱ ኖሩ።

ከመሰናክል እሽቅድድሞች ሁሉ ስሙ የገነነው ግራንድ ናሽናል፥ በሊቨርፑል ከተማ አጠገብ በኤይንትሪ ሜዳ ይካሄዳል። ብዙዎች የመጀመሪያው ነው የሚሉት የየካቲት 26 ቀን 1839ኙ ነው። 17 ፈረሶች ተሰለፉ። ካፒቴን ማርቲን ቤቸር የተባለ ጋላቢ ከፈረሱ ተሽቀንጥሮ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ያ መሰናክል እስከ ዛሬ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ያሸነፈው ፈረስ ስሙ «ሎተሪ» ነበር። የወደፊቱ ታሪክ በመጀመሪያው አሸናፊ ስም ላይ ተጽፎ ነበር ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም። ከ1843 ጀምሮ ደግሞ ጠንካራው ፈረስ ብዙ፥ ደካማው ጥቂት ክብደት እንዲሸከም ተደርጎ ዕድላቸውን የማቀራረብ ሥርዓት ተተከለ። ይህ ሥርዓት የሚሠራው ውጤቱ አስቀድሞ እንዳይታወቅ ነው፤ ጠቋሚው ግን እንጀራውን የሚበላው አውቃለሁ እያለ ነው።

ሕጉ ለማን ነበር?

የውርርድ ሕግ ታሪክ የመደብ ታሪክ ነው። በ1853 የእንግሊዝ ፓርላማ ተራው ሕዝብ ጥሬ ገንዘብ እያስያዘ የሚወራረድባቸውን ቤቶች ዘጋ። ባላባቱ ግን የሚወራረደው በስሙና በክብሩ፥ በዱቤ ስለነበር ሕጉ አልነካውም። በ1906 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በመንገድና በአደባባይ መወራረድን ከለከለ፤ የእሽቅድድም ሜዳዎችን ግን ከክልከላው ነጻ አደረጋቸው። እንግዲህ ወደ ሜዳው የሚሄድበት ጊዜና የባቡር መሳፈሪያ ያለው፥ ወይም ዱቤ የሚታመን ሰው ያለ ሥጋት ተወራረደ። ከፋብሪካ በር የማይላቀቀው ወዛደር ግን በዚያው አድራጎት ወንጀለኛ ተባለ።

ሕጉ ውርርዱን አላጠፋውም፤ ወደ ጓሮ አስገባው። በየፋብሪካው፥ በየመጠጥ ቤቱና በየመንደሩ መተላለፊያ የአወራራጁ ተላላኪዎች ተሰማሩ። ወዛደሩ የፈረሱን ስምና የሚያስይዘውን ሽልንግ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ፥ በእውነተኛ ስሙ ፈንታ የብዕር ስም ፈርሞ ይሰጣል። ተላላኪው ወረቀቱን የሚያስገባበት ከረጢት ሰዓት የተገጠመለት ነው፤ ከረጢቱ የተቆለፈበትን ደቂቃ ሰዓቱ ይመዘግባል። ውጤቱን ሰምቶ የመጣ ሰው እንዳያታልል ነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ። አወራራጁ ትንቢት ከውጤት ጋር እንዳይቀላቀልበት ያደረገውን ጥበቃ ልብ እንበል፤ ለጠቋሚው ቃል እንዲህ ያለ ሰዓት የገጠመ ማንም አልነበረም።

ይህ ሁኔታ እስከ 1960 ቆየ። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ከሜዳ ውጭ የውርርድ መደብሮች እንዲከፈቱ ፈቀደ፤ መደብሮቹም ከግንቦት 1 ቀን 1961 ጀምሮ ሥራ ጀመሩ። ወዛደሩ ከወንጀለኛነት ወጥቶ ደንበኛ ሆነ። በአንድ በኩል ይህ ፍትሕ ነው፤ ለአንዱ የተፈቀደው ለሌላው ተፈቅዷልና። በሌላ በኩል ግን ከዚያ በኋላ ከጓሮ ይልቅ በዋናው መንገድ ላይ፥ በብርሃን፥ ያለ ኀፍረት እንዲከስር በሩ ወለል ብሎ ተከፈተለት።

የአወራራጁ ሒሳብ

የጥቆማን ምሥጢር ለመረዳት በመጀመሪያ የዋጋውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ እሽቅድድም ላይ ዕድላቸው ፍጹም እኩል የሆነ አራት ፈረሶች ተሰለፉ እንበል። ትክክለኛው ተመን፥ በአንዱ ላይ አንድ ብር ላስያዘ ሰው ብሩን መልሶ ሦስት ብር ትርፍ መክፈል ነው። አወራራጁ ግን የሚያቀርበው ትርፍ ሁለት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ነው። አንድ ሰው በአራቱም ላይ አንድ አንድ ብር ቢያስይዝ፥ ከአራቱ አንዱ ማሸነፉ አይቀርምና፥ አራት ብር አውጥቶ ሦስት ብር ከሃምሳ ይቀበላል። የትኛውም ፈረስ ቢቀድም ሃምሳ ሳንቲም ከአወራራጁ ዘንድ ይቀራል።

በእውነተኛው ሜዳ ዕድሉ እኩል ስላልሆነ ሒሳቡ ይወሳሰባል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። ብዙ ገንዘብ በገባበት ፈረስ ላይ አወራራጁ ተመኑን ይቀንሳል፤ ሰው በሸሸው ላይ ከፍ ያደርጋል፤ ገንዘቡ እንደ ሚዛን እስኪስተካከልለት ድረስ ይህን ያደርጋል። አንዳንድ ቀን አይሳካለትም፤ ይከስራልም። በዓመቱ መጨረሻ ግን ሒሳቡ ወደ እርሱ ያጋድላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ በዚህ ሁሉ ትንቢት መካከል የሚበለጽገው ትንቢት የማያስፈልገው ሰው ነው። ሕዝብ ከሁሉ አብልጦ ያመነበት ፈረስ በግምት ከሦስት አንድ ጊዜ ያሸንፋል፤ ይህ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን የሚከፈልበት ተመን ሁለቱን ሽንፈት ስለማይሸፍን፥ ሁልጊዜ እርሱን የሚከተል ሰውም በመጨረሻ ይከስራል። ስለዚህ ጠቋሚ ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ ሳለ ተከታዩን ሊያደኸይ ይችላል። «ሦስት አሸናፊ ነገርኋችሁ» የሚለው ጉራ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስንት ተሸናፊ እንደ ነገረና ሦስቱ ስንት እንደ ከፈሉ ግን አይጨምርበትም።

ሌላም ዘዴ አለ። በ19ኛው ምእተ ዓመት በፓሪስ ጆሴፍ ኦለር የተባለ ሰው ባስጀመረው አሠራር፥ የተወራራጆች ገንዘብ በአንድ ሣጥን ይጠራቀምና የሥራ ወጪና ግብር ከተቀነሰ በኋላ ለአሸናፊዎቹ ይከፋፈላል። ጆርጅ ጁልየስ የተባለው መሐንዲስ ለምርጫ ድምፅ መቁጠሪያ ብሎ አስቦት የነበረውን መሣሪያ ወደዚህ ሥራ አዙሮ፥ በ1913 በኒው ዚላንድ ኦክላንድ ከተማ ተከለው። እንግሊዝ አገር ይህን አሠራር በሜዳዎቿ ላይ በ1928 በሕግ ፈቀደች፤ ሕዝቡም «ቶት» አለው። በቶት ዋጋውን የሚወስነው የሕዝቡ የራሱ ግምት ነው። ጥቂት ሰው ባመነበት ፈረስ ያሸነፈ ብዙ ያገኛል። የሕዝብ ድምፅ ሊቆጥር የተፈለሰፈ መሣሪያ የሕዝብን ተስፋ ለመቁጠር መዋሉ፥ ለተውኔት ጸሐፊ ራሱን የቻለ ርእስ ነው።

«ራስ» የተባለው ጠቋሚ

አሁን ከአወራራጁ ወደ ጠቋሚው እንሻገር። ከእንግሊዝ ጠቋሚዎች ሁሉ ዝነኛው ሰው ታሪኩ ሳይታሰብ እኛን ይነካል። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በእሽቅድድም ሜዳዎች ላይ የሰጎን ላባ ዘውድ ደፍቶ፥ በቀለማት ያሸበረቀ ሰፊ ልብስ ለብሶ፥ «ፈረስ አለኝ!» እያለ የሚጮህ ጥቁር ሰው ነበር። ራሱን «ራስ ፕሪንስ ሞኖሉሉ» ብሎ ሰየመ፤ ከአቢሲኒያ የመጣ፥ ሌሎች «ፈላሻ» እያሉ የሚጠሯቸው የቤተ እስራኤል አለቃ ነኝ አለ። ጥቆማውን በታሸገ ፖስታ ውስጥ አድርጎ ይሸጥ ነበር።

ሰውዬው ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ትክክለኛ ስሙ ፒተር ካርል ማኬይ ነው፤ የተወለደው በዚያን ጊዜ በዴንማርክ ይዞታ ሥር በነበረችው፥ ከ1917 ጀምሮ ግን የአሜሪካ በሆነችው የካሪቢያን ደሴት በሴንት ክሮይ ነው። ዝናው የተተከለው በ1920 ነው። በዚያ ዓመት በኤፕሰም ሜዳ በተካሄደው ደርቢ፥ ይኸውም መሰናክል በሌለበት እሽቅድድም፥ ብዙዎች የናቁትን ስፓየን ኮፕ የተባለ ፈረስ ደግፎ 8,000 ፓውንድ ያህል እንዳሸነፈ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በ1965 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የኖረው በዚያች በአንዲት ቀን ውጤት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ያልያዙለትን ጥቆማዎች የቆጠረበት የለም፤ አንዷ የያዘችለት ግን በሄደበት ሁሉ ቀድማው ትደርስ ነበር። ጠቋሚ የሚኖረው ሰዎች በሚያስታውሱት ብቻ አይደለም፤ በሚረሱትም ነው።

በዚህ ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ መመርመሩ ግን ይሻላል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ለጥቁር ሰው የተከፈተው የሥራ በር ጠባብ ነበር። ማኬይ ሕዝቡ ስለ አፍሪካ የነበረውን የተዛባ ሕልም አጥንቶ፥ ያንኑ ሕልም በልብስ ሰፍቶ መልሶ ሸጠለት። በዚህ ረገድ ተመልካቹን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተዋናይ ነበር። የእኛ ራሶች የሚታወቁት በአንበሳ ጎፈርና በለምድ ነው፤ የሰጎን ላባ ዘውድ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ እንግሊዛዊ ግን አልነበረም፤ ልብሱ የተሰፋው ለእውነት ሳይሆን ለግምታቸው ነበርና።

ይህ ቀልድ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርግ አንድ ዓመት አለ፤ 1936። በሰኔ ወር መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው በፋሺስት ጦር ተይዛ ለንደን ገቡ፤ ሰኔ 30 ቀንም በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፥ የመርዝ ጋዝ የዘነበበትን ሕዝብ አቤቱታ አሰሙ። ያ ጉባኤ እውነተኛውን ምስክር ሰምቶ እጁን አጣጠፈ። በዚያው ዘመን ሐሰተኛው «ራስ» በሜዳዎቹ ላይ ጆሮ አላጣም፤ በዜና ፊልሞችም ላይ የሚታይ፥ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሰው ነበር። ጥፋቱ የጠቋሚው ነው አንልም፤ ሞኖሉሉ ኢትዮጵያን አልወረረም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ስለ ሌላው ሕዝብ የሚያውቀው በላባ ዘውድ በኩል ሲሆን፥ የመከራው ዜና ሲመጣም እንደ አንድ ትርኢት ሊያየው ይቀለዋል። የጥቆማ ጠባይ ይህ ነው፤ እውነቱን ከመጠየቅ ይልቅ መስማት የምንፈልገውን ይሰጠናል።

መምህሩና መዝገቡ

ከሞኖሉሉ ጎን ሌላ ሰው እናቁም። ፊል ቡል በ1910 በዮርክሸር ማዕድን አካባቢ ተወለደ፤ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንቶ መምህር ሆነ። ይህ ሰው ላባ አልደፋም፤ የደከመው በውጤት ገጽ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፈረስ ርቀቱን በስንት ጊዜ እንደ ጨረሰ፥ ምን ያህል ክብደት ተሸክሞ፥ በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደ ሮጠ እያሰላ ለፈረሶች ነጥብ ሰጠ። በ1948 «ታይምፎርም» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ነጥቡ ታትሞ ስለሚወጣ፥ የፈለገ ሁሉ ከማታው ውጤት ጋር ሊያስተያየው ይችላል። በቡልና በሞኖሉሉ መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ሁልጊዜ ልክ፥ ሌላው ሁልጊዜ ስሕተት መሆኑ አይደለም። የአንዱ ቃል መዝገብ አለው፤ የሌላው ቃል ፖስታው ሲቀደድ ያልቃል።

ታይምፎርም ለመሰናክል ፈረስ ከሰጠው ነጥብ ሁሉ ከፍተኛው 212 ነው፤ ይኸውም በ1960ዎቹ ለነገሠው ለአየርላንዱ አርክል የተሰጠ ነው። የአርክል ባለቤት የዌስትሚንስተር ዱቼስ ፈረሷ በግራንድ ናሽናል አደገኛ መሰናክሎች ላይ እንዲሮጥ ፈጽሞ አልፈቀደችም። በዚያው በአሠልጣኙ በቶም ድሬፐር ጋጣ ውስጥ የዚህችው እመቤት የሆነ ሌላ ፈረስ ነበር፤ ስሙ ፎይናቮን። ተስፋ የለውም ተብሎ ተሸጠ። ቀጥሎ የምናየው ቀን የእርሱ ነው።

የአንድ ቀን ውጤት፤ ሚያዝያ 8 ቀን 1967

በዚያ ቅዳሜ በኤይንትሪ 44 ፈረሶች ተሰለፉ። ርቀቱ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ፥ መሰናክሉ 30 ነው። ብዙ ሰው ያመነበት ሃኒ ኤንድ የተባለው ሲሆን፥ ተመኑ ለሁለት 15 ነበር። ፎይናቮን ለአንድ 100 ነበር። በመጨረሻው ሰዓት የተገኘው ጋላቢው ጆን በኪንግሃም ከዚያ በፊት በግራንድ ናሽናል ላይ ጋልቦ አያውቅም። አሠልጣኙ በዚያ ቀን በሌላ ሜዳ፥ በዉስተር ሥራ ነበረው፤ የፈረሱ ባለቤትም ኤይንትሪ ድረስ አልደከመም። የራሱ ሰዎች እንኳ አልጠቆሙትም።

23ኛው መሰናክል ከሜዳው ዝቅተኞች አንዱ ነው። ፖፕሃም ዳውን የተባለ፥ ገና በመጀመሪያው መሰናክል ጋላቢውን ያጣ ፈረስ ከፊት እየሮጠ ነበር። ከመሰናክሉ ሲደርስ በመዝለል ፈንታ በአጥሩ ጎን ለጎን ወደ አንድ ወገን ተጠማዘዘ። ከኋላው ይመጡ የነበሩት መሪዎች በእርሱ ላይ፥ የእነርሱ ተከታዮችም በእነርሱ ላይ ተደራረቡ። ጋላቢዎች ከአጥሩ ማዶ ተወረወሩ፤ ፈረሶች ቆሙ፤ ወደ ኋላ ዞረው የሮጡም ነበሩ። ወደ ኋላ ቀርቶ የነበረው ፎይናቮን በዝግታ መጣ። በኪንግሃም በትርምሱ መካከል ክፍተት አይቶ ወደዚያ መራው፤ ዘለለ፤ ወጣ። ሌሎቹ ተሰባስበው ማሳደድ ሲጀምሩ ርቋል። ሃኒ ኤንድ ቢከተልም ሁለተኛ ወጣ፤ ሬድ አሊጌተር ሦስተኛ። ከ44ቱ የጨረሱት 18 ነበሩ። አወራራጆች ለአንድ 100 ከፈሉ፤ ቶት ግን ለአንድ 444 ከፈለ። ከዚህ ቁጥር በላይ የዚያን ቀን ጥቆማ የሚገመግም ሂስ አይገኝም፤ በዚያ ፈረስ ያመነው ሕዝብ ምን ያህል ጥቂት እንደ ነበር በሳንቲም ቆጥሮ ይነግረናልና።

ከዚያ ቀን አንድ ሌላ ሰው መታወስ አለበት፤ ማይክል ኦሄር፥ ለቢቢሲ ቴሌቪዥን ያን የሜዳውን ክፍል ይተርክ የነበረ አየርላንዳዊ። ያ ሁሉ ፈረስ በተተረማመሰበት ቅጽበት፥ ብቻውን የወጣውን ፈረስ በስሙ ጠራው። እንደሚነገረው፥ ከእሽቅድድሙ በፊት ወደ ጋላቢዎቹ ክፍል ገብቶ የእያንዳንዱን የልብስ ቀለም ሲያጠና፥ አንዱን አላውቀው ቢል የለባሹን ሰው ጠይቆ ፎይናቮን መሆኑን ተረድቶ ነበር። ስለዚህ በዚያ ቀን ከሁሉ የተሻለ የተዘጋጀው ማን እንደሚያሸንፍ የተነበየው ሰው አልነበረም፤ ማንም ቢያሸንፍ ለማወቅ የደከመው ሰው ነበር።

በማግስቱ ማብራሪያው ጎረፈ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ ከውጤት በኋላ የሚመጣ ትንቢት ርካሽ ነው። በ100 ተመን ያሸነፉት በታሪኩ አምስት ብቻ ናቸው፤ ቲፐረሪ ቲም በ1928፥ ግሬጋላክ በ1929፥ ካሁ በ1947፥ ፎይናቮን በ1967፥ ሞን ሞም በ2009። በ1928 ከ42 ፈረሶች ሩጫውን የጨረሱት ሁለት ነበሩ። እነዚህን አምስት ዓመታት የሚያስታውስ ተወራራጅ ሌሎቹን ከመቶ በላይ ዓመታት ይረሳል፤ የውርርድ ቤቱ መሠረትም በዚህ መርሳት ላይ ቆሟል።

በአንድ ፊደል የተጻፈ ዕጣ

የውጤት ገጽም ቢሆን ከነቀፋ ነጻ አይደለም። በመሰናክል እሽቅድድም መዝገብ ላይ የፈረሱ ዕጣ በአንድ የላቲን ፊደል ይጠቃለላል። «ኤፍ» ከሆነ ወድቋል፤ «ዩ» ከሆነ ጋላቢውን ጥሏል፤ «ቢ» ከሆነ በሌላው መውደቅ ምክንያት ወድቋል፤ «ፒ» ከሆነ ጋላቢው ገትቶታል፤ «አር» ከሆነ አልዘልም ብሏል። በ2011 ሁለት፥ በ2012 ሁለት ፈረሶች በግራንድ ናሽናል ላይ ሞቱ፤ በ2012 ከሞቱት አንዱ ሲንክሮናይዝድ፥ በዚያው ዓመት የቼልተንሃምን የወርቅ ዋንጫ ያሸነፈ ነበር። ተራው ተወራራጅ በመዝገቡ የሚያነበው ያንኑ ፊደል ነው።

ለውጥ የመጣው ከጥቆማው ወገን አይደለም፤ ከመዝገቡ ነው። ሞቱን የቆጠሩ ሰዎች ሕዝቡን ስለ ቀሰቀሱ፥ በ2013 የመሰናክሎቹ የእንጨት አጽም በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ተተካ፤ በ2024 ደግሞ የተሰላፊዎቹ ቁጥር ከ40 ወደ 34 ዝቅ አለ። ይህ በቂ ነው አይደለም የሚለው ክርክር በዚያ አገር ዛሬም ይካሄዳል። ለእኛ ቁም ነገሩ፥ የተቆጠረ ጉዳት ሊታረም መቻሉ ነው።

ትንቢትን በቀን መያዝ

ይህ ታሪክ ስለ ሩቅ አገር ፈረሶች ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ሳይረዳው አልቀረም። እኛም ባለፉት ዓመታት በከተሞቻችን የባሕር ማዶ እግር ኳስ የሚያወራርዱ ቤቶች ሲበዙ አይተናል፤ የፋብሪካው ተላላኪ በስልክ ተተክቷል፥ የላባው ዘውድ በሌላ ጌጥ ተለውጧል፥ «ፈረስ አለኝ!» የሚለው ጥሪ ግን ያው ነው። ተማሪው የምሳውን፥ የቀን ሠራተኛው የዕለት ገቢውን ይዞ ይሄዳል። እርሱን በስንፍና መንቀፍ የ1906ን ሕግ መድገም ነው። በደመወዙ የማይደርስበትን ነገር በዕጣ ለማግኘት የሚመኝ ሰው ስለ ደመወዙም የሚነግረን ነገር አለውና።

መምህራን ግን አንድ ቀላል መሣሪያ በእጃቸው አለ፤ ደብተር። በአንድ በኩል ጥቆማው ከነቀኑ ይጻፍ፤ በሌላው በኩል ውጤቱ፤ በሦስተኛው የወጣውና የገባው ገንዘብ። ከአንድ ወር በኋላ ተማሪው ራሱ ይደምረው። ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ያ ድምር ይናገራል። የኪነት ሰዎችም ብንሆን ከዚህ የምንማረው አለ። ጸሐፊም፥ ሐያሲም፥ ዕቅድ አውጪም ስለ ነገ ይናገራል፤ መናገሩም ተገቢ ነው። ክብሩ ግን የሚለካው የትናንት ቃሉን ለዛሬው ውጤት አሳልፎ ለመስጠት ባለው ፈቃደኝነት ነው። አበው ሜዳውን ሲያሳዩ ፈረሱንም አብረው ያቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ሁሉም ሰው ጀግና ጋላቢ ነው።